የፍየል ሞራና የኑግ ዘይት፦ ጨጓራን ሳይጎዱ በፋጉሎ፣ በተልባና በዛፍ ቅጠል የማድለብ ዝርዝር መመሪያ

ለፋሲካ ፍየል ሲታረድ ሞራውን ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ትኩስ እያለ ለስላሳ ነው። ትንሽ ብርድ ሲነካው እንደ ሻማ ይጠጥራል። አሁን ደግሞ ጓዳ ገብታችሁ የኑግ ዘይቱን እዩ። የሐምሌ ብርድ እንኳ አያረጋውም። ያ ፍየል ሦስት ወር ሙሉ የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ተጨምቆ የቀረውን ጭማቂ፣ ዘይት ያልጨረሰውን ዝቃጭ ሲበላ ከከረመ በአፉ የገባው ፈሳሽ ዘይት ነው። ሆዱ ውስጥ የተገኘው ግን የሚጠጥር ሞራ ነው። መሃል ላይ ምን ሆነ?

ይህን ጥያቄ የምጠይቀው ለማወቅ ብቻ አይደለም። መልሱን ያወቀ አርቢ ፋጉሎ በልክ ይሰጣል። ያላወቀ ገንዘቡን ያፈሳል፣ አንዳንዴም ፍየሉን ያጣል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ስድስት ሙክት አስሬ ነበር። በዓሉ ሲቃረብ ቶሎ እንዲወፍሩልኝ ብዬ የፋጉሎውን መጠን በአንድ ጊዜ እጥፍ አደረግሁት። በሦስተኛው ቀን በጠጣቸው ላላ። ድርቆሹን ትተው ቆሙ። በሽታ መስሎኝ መድኃኒት ፍለጋ ሮጥኩ። የመጣው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከፋጉሎው ጥቂት አንስቶ በወረቀት መሃል ጨመቀው። ወረቀቱ በዘይት ራሰ። «ፍየሎቹን አይደለም ያጠገብካቸው፣ ፈርሳቸውን ነው ያጠፋህባቸው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምመግበው መጀመሪያ ፈርሱን፣ ቀጥሎ ፍየሉን ነው።

ጨጓራ ውስጥ የሚሆነው

የፍየል ሆድ አራት ክፍል አለው። ትልቁ ጨጓራ በግራ ጎኗ በኩል ነው። ውስጡ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል። ኦክስጅን የለውም ማለት ይቻላል። ሁሌም እርጥብ ነው። ፈርስ ብለን የምንደፋው ነገር ሕይወት ያለው ነው። በአንድ የሻይ ማንኪያ ፈርስ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ባክቴሪያ አለ። ፍየሏ ራሷ ገለባና ድርቆሽ የሚያፈርስ ኢንዛይም የላትም። ሥራውን የሚሠሩላት እነዚህ ተህዋስያን ናቸው።

ዘይት እዚህ ሲደርስ ባክቴሪያዎቹ መጀመሪያ ይሰባብሩታል። ግሊሰሮልና የስብ አሲዶች ለየብቻ ይወጣሉ። ግሊሰሮሉ ለተህዋስያኑ ምግብ ይሆናል። ጣጣው ያለው አሲዶቹ ላይ ነው። በኑግ ዘይት ውስጥ የበዛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። በተልባ ደግሞ አልፋ ሊኖሌኒክ። ሁለቱም ሳይረጉ ፈሳሽ ሆነው የሚቆዩት በሰንሰለታቸው ላይ ድርብ ማሰሪያ፣ ማለትም ሃይድሮጅን የጎደለው መጋጠሚያ፣ ስላለ ነው። ይኸው ድርብ ማሰሪያ ግን ባክቴሪያዎቹን ይመርዛል። ስለዚህ ራሳቸውን ለማዳን ሃይድሮጅን እየጨመሩ ይሞሉታል። ደረጃ በደረጃ ይሄድና መጨረሻው ስቴሪክ አሲድ ይሆናል። ስቴሪክ የሚጠጥር ስብ ነው። ሻማ ራሱ ይሠራበታል። ሞራው የሚጠጥርበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ፍየሏ ራሷ ከድርቆሽ ከሚወጣው አሴቲክ አሲድ ስብ መሥራቷ ነው።

በመንገዱ ላይ ሁለት ጠቃሚ ነገሮች ይፈጠራሉ። አንዱ ሩሜኒክ አሲድ፣ ሌላው ቫክሴኒክ አሲድ ይባላል። ቫክሴኒኩ ከጨጓራ አምልጦ ጡት ሲደርስ በጡቷ ውስጥ ያለ ኢንዛይም መልሶ ሩሜኒክ ያደርገዋል። በወተቷ ውስጥ ያለው ሩሜኒክ አብዛኛው የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ሳይለወጥ የሚያመልጠው ጥቂት ነው። ከሊኖሌይክ ውስጥ ከ70 እስከ 95 በመቶ የሚሆነው ጨጓራ ውስጥ ይለወጣል። የተልባው አሲድ ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ ከ85 በመቶ በላይ ነው። ስለዚህ «ተልባ ስላበላሁት ሥጋው ኦሜጋ ሦስት ሞልቶታል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትቸኩሉ። ትንሽ ይጨምራል። አይሞላም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያዙልኝ። ዘይት ሲበዛ ተህዋስያኑ ሃይድሮጅን መሙላቱ ያቅታቸዋል። መጀመሪያ የሚያልቁት ደግሞ ድርቆሽ የሚፈጩት ናቸው። ሁለተኛ፣ ታኒን የሚባል አፍ የሚያኮማትር ነገር ያላቸው ቅጠሎች የለውጡን የመጨረሻ እርምጃ ያዘገያሉ። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሙሉ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው።

1. ፍየሉን መዝኑ

በግምት አትሥሩ። ጠዋት ሳይበላና ሳይጠጣ በተንጠልጣይ ሚዛን መዝኑት። ፍየል በቀን ከክብደቱ 3 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ይበላል። ለምሳሌ የምወስደው 25 ኪሎ ሙክት ነው። በ3.5 በመቶ ብናሰላው በቀን 875 ግራም ይሆናል።

2. ፋጉሎውን ፈትኑ

የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲኑ 30 በመቶ ገደማ ነው። ለዚህም ነው የምንወደው። የዘይቱ መጠን ግን እንደ መጭመቂያው ይለያያል። ከትንንሽ የሰፈር መጭመቂያ የሚወጣው ብዙ ዘይት ይቀርበታል። በትልልቅ ፋብሪካ ዘይቱ በኬሚካል የወጣለት ደረቅ ነው። ከረጢቱ ላይ የሚጻፍ ነገር ስለሌለ የወረቀቱን ዘዴ ተጠቀሙ። አንድ እፍኝ ፋጉሎ ፈርፍሩና በሁለት ነጭ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ ከባድ ድንጋይ ጫኑበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ እዩት። ወረቀቱ ሰፋ ብሎ ካስተላለፈ ዘይቱ ብዙ ነው፤ መጠኑን ቀንሱ። ቁጥር አይሰጣችሁም። ያለፈውን ግዢ ከአሁኑ ለማነጻጸር ግን በቂ ነው።

ከዘይቱ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሻጋታ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተት ላሞች መኖ ላይ በተደረገ ጥናት አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በኑግ ፋጉሎ ውስጥ ተገኝቷል። ወደ ወተትም ያልፋል። ብትቆሉትም ብታፈሉትም አይጠፋም። የሻገተውን ክፍል ነቅሎ ቀሪውን መስጠትም አያድንም። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጥብ ካለው፣ የጓዳ እርጥበት ከሸተተ አትግዙ። የገዛችሁትን ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ አድርጉ። ላስቲክ አታልብሱት። በክረምት ከሁለት ሳምንት ቀለብ በላይ አታከማቹ።

የጥጥ ፍሬ ፋጉሎም በብዛት ይገኛል። ጎሲፖል የሚባል መርዝ አለው። ለግልገልና ለአውራ አልሰጥም።

3. ተልባውን አዘጋጁ

ተልባ 40 በመቶ ገደማ ዘይት ነው። ጥሬውን ፍሬ እንዳለ ብትሰጡ ከፊሉ ሳይፈጭ በበጠጥ ይወጣል። አቅልሎ መቁላትና ገርበብ አድርጎ መውቀጥ ይሻላል። ምጣድ ላይ መፈንዳት ሲጀምርና ሽታው ሲያውድ አውርዱት።

አንድ አደጋ አለ። ተልባ ውስጥ ሲያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለ። ጥሬ ተልባ ወቅጦ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር መርዙን ያስለቅቃል። ለመጠጥ አጥሚት መሳይ ልታደርጉት ካሰባችሁ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምሩትና 10 ደቂቃ አፍሉት። ሙቀቱ መርዙን የሚያስለቅቀውን ኢንዛይም ይገድለዋል። የተቆላው ግን ደረቁን ከፉርሽካ ጋር መቀላቀል ይበቃዋል። የተወቀጠ ተልባ ቶሎ ስለሚኮመጥጥ ከአንድ ሳምንት በላይ የሚሆን አትውቀጡ።

4. ቅጠሉን ምረጡ

የዚህ መመሪያ ልብ እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው ፋጉሎ ላይ ገንዘብ ያፈስና አጥሩ ላይ ያለውን ቅጠል ይረሳል።

ታኒን ማለት ያልበሰለ ሙዝ ስትነክሱ አፋችሁን የሚያኮማትረው ነገር ነው። ቆዳ የሚለፋበትም እሱ ነው። ጨጓራ ውስጥ ሲገባ ፕሮቲኑን ይይዝና ቶሎ እንዳይበሰብስ ያደርጋል። ቫክሴኒክን ወደ ስቴሪክ የሚለውጡትን ባክቴሪያዎችም ያደክማል። ስለዚህ ከጠቃሚዎቹ አሲዶች ትንሽ በለጥ ያለ መጠን ያመልጣል። ፍየል ደግሞ ታኒን ከበግና ከላም በተሻለ ትችላለች። ቁጥቋጦ ስትቀነጥብ የኖረች እንስሳ ናት።

ልኩ ግን ጠባብ ነው። ከጠቅላላው ደረቅ መኖ ከ2 እስከ 4 በመቶ ታኒን ቢሆን ደህና ነው። ከ5 ወይም ከ6 በመቶ ሲያልፍ የመብላት ፍላጎቷ ይቀንሳል። ፕሮቲኑም ታስሮ በበጠጥ ይወጣል። ይህን ቤት ውስጥ መለካት ስለማይቻል የእኔ ደንብ ቀላል ነው። ታኒን ያለው ቅጠል ወይም ፍሬ ከዕለቱ መኖ ከአንድ አምስተኛ አይበልጥም።

የምትመርጡት ባላችሁበት ቦታ ነው። ደጋ ከሆናችሁ ትሪ ሉሰርን አለ። ታኒኑ ዝቅተኛ ነው፣ ለፕሮቲን ግን ምርጥ ነው። ወይና ደጋ ላይ ሳስፓኒያ በቀላሉ ይበቅላል። ከታኒን ሌላ ሳፖኒን የሚባል፣ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ነገር አለው። ሳፖኒን ፕሮቶዞዋ የሚባሉትን ሌሎች የጨጓራ ተህዋስያን ይቀንሳል። ቆላ ላይ የግራር ፍሬ አለላችሁ። እሱን ግን ወቅጡት። ዘሩ ጠንካራ ስለሆነ ሳይፈጭ ያልፋል፣ ፕሮቲኑ ደግሞ ያለው ዘሩ ውስጥ ነው። ሽፈራው ታኒኑ አነስተኛ ነው። ለቫይታሚንና ለካልሲየም ስጡት።

ሉኪንያን ለብቻው ላንሳው። ሚሞሲን የሚባል መርዝ አለው። ከመኖው ከሲሶ በላይ ሲሆን ፀጉር ያረግፋል፣ ያከሳል። የዚህ ቅጠል ታሪክ ደግሞ የፍየል ታሪክ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ከብቶች በሉኪንያ ይታመሙ ነበር። ሃዋይ ያሉ ፍየሎች ግን ያንኑ ቅጠል በልተው ምንም አይሆኑም። ሬይመንድ ጆንስ የተባለ አውስትራሊያዊ ተመራማሪ ልዩነቱ ፈርሳቸው ውስጥ ነው ብሎ አሰበ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የሃዋይ ፍየሎች የጨጓራ ፈሳሽ ወደ አውስትራሊያ ተወሰደ። የተቀበሉት እንስሳት ቅጠሉን ቻሉት። መርዙን የሚያፈርሰው ባክቴሪያም በኋላ በስሙ ሲነርጂስቴስ ጆንሲ ተባለ። ፈርስ ቆሻሻ ነው ለሚለኝ ሰው ሁልጊዜ ይህን እነግረዋለሁ።

ቅጠሉን ጥላ ውስጥ አድርቁት። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ቫይታሚኑ ይጠፋል። አረንጓዴነቱን እንደያዘ ከደረቀ ቫይታሚን ኢ ይቀረዋል። ዘይት የበዛበት መኖ የሚበላ እንስሳ ደግሞ እሱን ይፈልገዋል።

እንዶድም ሳፖኒን አለው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር። አይሆንም። እንዶድ ለልብስ ማጠቢያ ነው። ለእንስሳ መርዝ ነው። ስለ ነጭ ሽንኩርት፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድም ትጠይቁኛላችሁ። በጥቂቱ አይጎዱም። ነገር ግን የጨጓራ ተህዋስያን በጥቂት ሳምንት ስለሚለምዷቸው ገንዘባችሁን ቅጠል ላይ ብታውሉት ይሻላል።

5. ስቡን አስሉ

ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ግባችን ጠቅላላው ስብ ከዕለቱ ደረቅ መኖ 5 በመቶ እንዳያልፍ ነው። ከ6 ወይም 7 በመቶ በላይ ሲሄድ ድርቆሽ መፍጨት ይዳከማል። ለ25 ኪሎው ሙክት የማወጣው የአንድ ቀን ቀለብ እንዲህ ነው።

ድርቆሽ 400 ግራም፣ ስቡ በ2 በመቶ 8 ግራም።
የደረቀ ሳስፓኒያ ቅጠል 100 ግራም፣ በ3 በመቶ 3 ግራም።
የኑግ ፋጉሎ 180 ግራም፣ በ8 በመቶ 14.4 ግራም።
የስንዴ ፉርሽካ 150 ግራም፣ በ4 በመቶ 6 ግራም።
የተቆላ ተልባ 25 ግራም፣ በ40 በመቶ 10 ግራም።

ድምሩ 855 ግራም መኖና 41.4 ግራም ስብ ነው። 41.4ን ለ855 አካፍላችሁ በ100 ስታባዙ 4.8 በመቶ ይመጣል። ከወሰኑ ሥር ነው፣ ግን ብዙ ቦታ አልቀረም። ፋጉሎው ወረቀት የሚያርስ ዓይነት ከሆነ በ12 በመቶ አስሉት። ያኔ ከ5 በመቶ ስለሚያልፍ ተልባውን አስወጡ። ተልባ ከሌለስ? ምንም አይደለም። ለማድለብ ግዴታ አይደለም። እኔ የምጨምረው በአነስተኛ መጠን ጉልበት ስለሚሰጥ ነው።

ሬስቶራንት የተጠበሰበትን ዘይት መኖ ላይ የሚያፈስ ሰው አይቻለሁ። አታድርጉት። ነፃ ዘይት በአንድ ጊዜ ፈርሱን ይሸፍነዋል። በፍሬና በፋጉሎ ውስጥ ያለው ቀስ ብሎ ስለሚለቀቅ ተህዋስያኑ ይደርሱበታል።

6. ቀስ ብላችሁ አስለምዱ

እኔን የጎዳኝ ይህን መዝለል ነው። ፋጉሎውን ከ45 ግራም ጀምሩ። በየአራት ቀኑ 45 ግራም ጨምሩ። በ13ኛው ቀን 180 ይደርሳል። ፉርሽካውንም ከ50 ግራም አንስታችሁ በዚሁ መንገድ አሳድጉ። ተልባውን እስከ 17ኛው ቀን አትንኩ። ከዚያ በ10 ግራም ይጀምራል፣ በ21ኛው ቀን 25 ግራም ይሆናል። ይህ ከመወቀጡ በፊት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተኩል ያህል ነው። ሦስት ሳምንት ረጅም ይመስላል። ለፋሲካ የሚደልብ ሙክት ግን 90 ቀን አለው። ጊዜው ይበቃል።

ድንገተኛ የመኖ ለውጥ ሌላም ነገር ያመጣል። ኢንትሮቶክሲሚያ የሚባለው በሽታ ደህና የሚበላውን ፍየል በአንድ ሌሊት ይገድላል። ክትባት አለው። ማድለብ ከመጀመራችሁ በፊት የአካባቢያችሁን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

7. የዕለቱ አሰጣጥ

ጠዋት መጀመሪያ ድርቆሽ ይቅረብ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይብላ። ከዚያ የፋጉሎ፣ የፉርሽካና የተልባ ቅይጡን ግማሽ ስጡ። ማታም እንደዚሁ። ድርቆሽ ሲያመሰኳ ምራቅ ይፈሳል። ምራቁ ጨጓራው እንዳይኮመጥጥ ያደርጋል። ጨጓራ ከኮመጠጠ ደግሞ የስቡ ለውጥ ራሱ መንገዱን ይስታል፣ በቫክሴኒክ ፈንታ ሌላ የማይፈለግ አሲድ ይበዛል። እህል በብዛት መስጠት የማልወደው በዚህ ምክንያት ነው። ድርቆሹን ከአንድ ጣት እርዝመት አሳጥራችሁ አትክተፉት። በጣም ከደቀቀ አያመሰኩበትም።

ንጹህ ውሃ ሁሌም ይኑር። አሞሌ ጨው የሚልሱበት ቦታ አስቀምጡ። ሙክትና አውራ ፉርሽካ ከበዛባቸው የሽንት ጠጠር ይይዛቸዋል፤ ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ትንሽ ስለሆነ ነው። የዛፍ ቅጠሉ ካልሲየም እዚህም ይጠቅማችኋል። ሙክት ሽንቱ እምቢ ብሎት ሲያምጥ ካያችሁ ሐኪም የሚጠራው ያኔውኑ ነው፣ ነገ አይደለም።

8. በየቀኑ እዩ፣ ዳስሱ

መሣሪያ አያስፈልግም። በጠጡን እዩ። ደረቅና ክብ ፍሬ መሆን አለበት። እርስ በርስ ከተጣበቀ ዘይቱ በዝቷል። ቀን ላይ ከተኙት ውስጥ ቢያንስ ግማሾቹ ሲያመሰኩ ማየት አለባችሁ። ከዚያ ጡጫችሁን በግራ ጎኑ ከመጨረሻው ጎድን አጥንት ኋላ ባለው ጎድጓዳ ላይ ጫን አድርጉ። ጨጓራው በደቂቃ አንዴ ወይም ሁለቴ ሲንከባለል ይሰማችኋል። ጸጥ ካለ ችግር አለ።

ድርቆሽ ትቶ ፋጉሎ ብቻ የሚፈልግ ፍየል ጤነኛ አይደለም። ፋጉሎና ተልባውን ለሦስት ቀን አቁሙ። ድርቆሽ ብቻ ስጡ። ሲመለስ ከግማሽ መጠን ጀምሩ። የግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ከተነፋ ሐኪም ጥሩ።

በየሁለት ሳምንቱ መዝናችሁ ጻፉ። ለአገራችን ዝርያዎች በቀን ከ50 እስከ 80 ግራም ጭማሪ ጥሩ ነው። ክብደቱ ሲጨምር ቀለቡንም በዚያው ልክ አስተካክሉ።

የምትታለብና ግልገል

ለምትታለብ ፍየል ስሌቱ ያው ነው። ብዙ ስለምትበላ መጠኑ ያድጋል። የላም ወተት ቅባት ዘይት ሲበዛባት በቀላሉ ይወርዳል፤ ፍየል ግን በዚህ ረገድ ትጸናለች። የፍየል ወተት ልዩ ጠረን የሚመጣው ካፕሮይክ፣ ካፕሪሊክና ካፕሪክ ከሚባሉ አጫጭር የስብ አሲዶች ነው። ስማቸው ራሱ ካፕራ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ፍየል ማለት ነው። እነዚህን ጡቷ ራሷ ስለምትሠራቸው ፋጉሎ በመቀየር ጠረኑን ማጥፋት አይቻልም። ሻጋታ ያለው መኖ ለእሷ ፈጽሞ አይሰጥም። ያንን ወተት ሕፃን ይጠጣዋል።

ግልገል ጨጓራው ገና አልሠራም። እስከ ሁለት ወር ድረስ ዋና ምግቡ ወተት ነው። ለስላሳ ድርቆሽና ጥቂት ቅጠል እየቀማመሰ ፈርሱን ያበጅ። ፋጉሎና ተልባ ይቆዩለት።

ከበዓሉ በኋላ ሳይሸጥ የቀረ ሙክት ካለ በአንድ ቀን ወደ ገለባ አትመልሱት። እንዳስለመዳችሁት በአራት አራት ቀን እየቀነሳችሁ አውርዱት። መጀመሪያ ተልባው ይውጣ፣ ከዚያ ፋጉሎው። ቅጠሉን እስከ መጨረሻው አትንፈጉት።